ፕሮግራም አልጫን ሲል

በእረፍት ቀናችሁ ለኮምፒውተር ትምህርት ስትመጡ ደጋግማችሁ የምታነሱትን ጥያቄ ዛሬ ልንመልስ ወደድን። ያገለገለ ላፕቶፕ ትገዛላችሁ፤ ፕሮግራም ልትጭኑ ስትሞክሩ የስህተት መልእክት ይወጣል። ደንግጣችሁ መስኮቱን ትዘጉታላችሁ፤ ከዚያ ላፕቶፑን ይዛችሁ ወደ ሱቅ። እዚያም ብዙ ጊዜ "ፎርማት ይደረግ" ይባላል። ገንዘባችሁ ይሄዳል፤ ሳይገለበጥ ከተቀመጠም የልጆቻችሁ ፎቶግራፍ አብሮ ይጠፋል።

አንዲት እህታችን ወራት አጠራቅማ የገዛችው ላፕቶፕ ምንም ነገር ከኢንተርኔት አላወርድም አላት። የጠየቀችው ጠጋኝ ማዘርቦርዱ ተበላሽቷል ብሎ ከገዛችበት ዋጋ ግማሹን ጠየቃት። ወደ እኛ ስታመጣው መጀመሪያ ያየነው በስክሪኑ ግርጌ በስተቀኝ ያለውን ቀን ነው። 2009 ይላል! ኮምፒውተሩ አንድ ድረ ገጽ የታመነ መሆኑን የሚያረጋግጠው የምስክር ወረቀቱን ቀን ከራሱ ሰዓት ጋር አስተያይቶ ነው። ሰዓቱ ወደ ኋላ ከቀረ የዛሬው ምስክር ወረቀት ገና ያልተሰጠ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ገጹን አይከፍትም። ቀኑን አስተካክለን ስናጠፋውና ስናበራው እንደገና ወደ 2009 ተመለሰ። ጥፋቱ ላፕቶፑ ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስቆጥረው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ነበረች፤ ዕድሜዋን ጨርሳለች። ባትሪዋ ተቀየረች፣ ፕሮግራሙም ተጫነ። በአንዳንድ ላፕቶፕ እርሷን ለማግኘት መፍታት ስለሚያስፈልግ ለባለሙያ መስጠት ይሻላል፤ ነገር ግን ምን እንደምታስቀይሩ አውቃችሁ ሂዱ።

ስለዚህ መልእክቱን ከመዝጋታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። መጨረሻው 80070070 የሆነ ቁጥር ካለበት ዲስኩ ሞልቷል ማለት ነው። የወረዱ ፋይሎች የሚቀመጡበትን ፎልደርና የቆሻሻ ቅርጫቱን አጽዱ፤ የዊንዶውስን ፎልደር ግን አትንኩ። ፕሮግራሙ ባለ 64 ቢት ሆኖ ዊንዶውሱ ባለ 32 ከሆነም አይገባም፤ ባለ 32ቱን ፈልጉ። አንዳንዴ ደግሞ ዊንዶውሱ ራሱ አርጅቷል። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ቆሟል፤ ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ የወጣው ጉግል ክሮም በእርሱ ላይ አይጫንም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በጥቅምት 2025 አብቅቷል። ሻጩን ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ዊንዶውሱ ስንት እንደሆነ ጠይቁት።

የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ስጡኝ ካለና የማታውቁት ከሆነ፣ የቀድሞው ባለቤት ፓስወርድ አልተነሣም ማለት ነው። ሻጩ ፊታችሁ እስኪያነሣው ድረስ ገንዘብ አትክፈሉ። ኮምፒውተሩ የአሠሪዎቻችሁ ከሆነ ግን ጥያቄው እዚያው ያበቃል። ማዳም ተጠቀሚበት ብትልም ሳታስፈቅዱ ምንም አትጫኑ። ነገ አንድ ፋይል ቢጠፋ ወይም ቫይረስ ቢገባ ማን እንደሚጠየቅ ታውቃላችሁና።

ከሁሉ የሚያስፈራን ሌላ ነው። የሚሸጥን ፕሮግራም በነጻ እንሰጣለን የሚሉ ሰዎች "መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፊ" ይላሉ። ሌባ ቤት ከመግባቱ በፊት ውሻውን እሰሩልኝ እንደማለት ነው። እንዲህ ባሉ ፋይሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ፓስወርድ የሚሰርቅ ፕሮግራም ይደበቃል፤ ገንዘብ የምትልኩበትና ኢሜይላችሁ የሚከፈትበት ቁልፍ በአንድ ቀን ሊወሰድ ይችላል። በስልክ ደውሎ "ከሩቅ ሆኜ ላስተካክልልሽ" ለሚል እንግዳ ሰውም ኮምፒውተራችሁን አትክፈቱ። ፕሮግራም የምታወርዱት ከሠራው ድርጅት ገጽ ይሁን።

ብዙዎቻችሁ የምትቸገሩበት የአማርኛ መጻፊያ ግን መጫንም አያስፈልገው ይሆናል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ሴቲንግ ገብታችሁ፣ ሰዓትና ቋንቋ በሚለው ሥር አማርኛን ብትጨምሩ ኪቦርዱ አብሮ ይመጣል። ይህንንም ያወቅነው ሦስት ጊዜ ሌላ ፕሮግራም ለመጫን ደክመን ነው።

ያልተፈታላችሁ ካለ በእረፍት ቀናችሁ ላፕቶፑን ይዛችሁ ኑ። ያነሣችሁትን ፎቶና ቻርጀሩን አትርሱ፤ ባለፈው ሁለቱ ያለ ቻርጀር መጥተው ተመልሰዋል።