ከሽብር በኋላ አንድ ሆኖ ስለ መቆየት፤ ለተማሪም ስለሚበጅ ሰፊ ቦርሳ



በዚህ ጽሑፍ ስለ ሁለት ነገሮች እንነጋገራለን። አንደኛው፣ የሽብር አደጋ ከደረሰ በኋላ ክርስቲያንና ሙስሊም፣ የአገር ተወላጅና ስደተኛ ሳይለያዩ እንዴት አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ነው። ሁለተኛው፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚሄድ ተማሪ የሚሆን ሰፋ ያለ ቦርሳ እንዴት እንደሚመረጥ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች ላይ ላዩን ሲታዩ የማይገናኙ ይመስላሉ። ነገር ግን ሽብር ተማሪዎችን በገደለበት አገር፣ ልጅን ቦርሳ አሲዞ እንደገና ወደ ትምህርት መላክ ራሱ የአንድነት ሥራ ነው። ይህንንም ለመረዳት በጎረቤታችን በኬንያ የሆነውን እንመልከት።

በጋሪሳ የደረሰው

ጋሪሳ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ በጣና ወንዝ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ከነዋሪዎቿ የሚበዙት ሙስሊሞች የሆኑ ሶማሌዎች ናቸው። በዚያ የተከፈተው ኮሌጅ በሞይ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረ ሲሆን፣ በአካባቢው የመጀመሪያው የመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ነበር። ከኬንያ ከየማዕዘኑ የተመደቡ አያሌ ክርስቲያን ተማሪዎች ከሙስሊም ባልንጀሮቻቸው ጋር በአንድ ግቢ ይማሩ ነበር።

መጋቢት 24 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 መሆኑ ነው፣ ገና ጎሕ ሲቀድ አራት የአልሸባብ ታጣቂዎች ግቢውን ጥሰው ገቡ። መጀመሪያ የደረሱባቸው ለማለዳ ጸሎት የተሰበሰቡ ክርስቲያን ተማሪዎች ናቸው። ከዚያም ወደ መኝታ ቤቶቹ አልፈው ሙስሊሙን ከክርስቲያኑ እየለዩ ገደሉ። በዚያ ቀን 148 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም 142ቱ ተማሪዎች ነበሩ። ከ500 በላይ ተማሪዎች ቢያመልጡም፣ ብዙዎቹ የወጡት በለበሱት ልብስ ብቻ ነበር። ቦርሳቸው፣ ደብተራቸውና የትምህርት ማስረጃቸው በዚያው ቀረ።

ከገዳዮቹ አንዱ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሮ የተመረቀ ወጣት ነበር። አባቱ በማንዴራ በኩል የመንግሥት ሹም ሲሆኑ፣ ልጃቸው እንደጠፋባቸው አስቀድመው ለባለሥልጣኖች አመልክተው ነበር። ይህን የምንጠቅሰው ስለ ሁለት ምክንያት ነው። ትምህርት ብቻውን ልብን አይለውጥም። ደግሞም የገዳዩ አባት ራሳቸው በልጃቸው መንገድ ያዘኑ ሙስሊም ነበሩና፣ አንድን ሕዝብ በሙሉ በጥቂቶች ሥራ መክሰስ ከእውነት የራቀ ነው።

ሽብር የሚፈልገው ምንድን ነው?

ሽብር ፈጣሪዎች በአንድ ቀን የሚገድሉት ሰው ቁጥሩ የተወሰነ ነው። ዓላማቸው ግን ከዚያ ያልፋል። የተረፉት እርስ በርሳቸው እንዲፈራሩ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በጥርጣሬ ዓይን እንዲያይ፣ መንግሥትም በቁጣ የንጹሐንን ቤት እንዲያንኳኳ ይፈልጋሉ። ያን ጊዜ የተበደለው ወጣት ወደ እነርሱ ይመጣል ብለው ይጠብቃሉ።

የኬንያ ጦር በጥቅምት 2004 ዓ.ም. ወደ ሶማሊያ ከገባ ወዲህ ጥቃቱ እየበዛ ሄደ። መስከረም 11 ቀን 2006 ዓ.ም. በናይሮቢ በዌስትጌት የገበያ አዳራሽ 67 ሰዎች ተገደሉ። በዚያው ዓመት ፖሊስ በኢስሊ ሰፈር ሰፊ አሰሳ አድርጎ በሺህ የሚቆጠሩ ሶማሌዎችን ያዘ፤ አያሌዎቹንም በካሳራኒ ስታዲዮም አጎራቸው። ከጋሪሳ አደጋ በኋላም የዳዳብ የስደተኞች ሰፈር በሦስት ወር ውስጥ እንዲነሣ መንግሥት ጠየቀ። በዚያ ከሰፈሩት ብዙዎቹ ራሳቸው ከአልሸባብ የሸሹ ነበሩ። ጥያቄው በተባለው ጊዜ አልተፈጸመም፤ በስደተኛው ልብ ያሳደረው ስጋት ግን ቀላል አልነበረም።

ፍርሃት ራሱም ይገድላል። ከጋሪሳ አደጋ ዐሥር ቀን በኋላ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የኪኩዩ ግቢ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ፈነዳ። ተማሪዎቹ አሸባሪ የመጣ መስሏቸው ከፎቅ እየዘለሉና እየተረጋገጡ ሲሸሹ አንድ ተማሪ ሞተ፤ ከመቶ በላይም ቆሰሉ። በዚያ ሌሊት በግቢው ውስጥ አንድም ታጣቂ አልነበረም።

በማንዴራ መንገድ የታየው ፍቅር

ማንዴራ ኬንያ ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ ጋር በምትዋሰንበት ማዕዘን የምትገኝ ከተማ ናት። ኅዳር 13 ቀን 2007 ዓ.ም. ከማንዴራ ወደ ናይሮቢ የሚሄድ አውቶቡስ በአልሸባብ ተይዞ ሙስሊም ያልሆኑ 28 መንገደኞች ተለይተው ተገደሉ። ከሟቾቹ መካከል ለዕረፍት ወደየቤታቸው የሚመለሱ መምህራን ነበሩበት። ከዚህም የተነሣ ከሌላ ክፍለ አገር የመጡ መምህራን አካባቢውን ለቅቀው ስለ ሄዱ፣ የሙስሊም ልጆች ያለ አስተማሪ ቀሩ። ጥይቱ የተተኮሰው በክርስቲያኖች ላይ ቢሆንም ጉዳቱ ሁሉንም አገኘ።

ከዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በኤል ዋክ አጠገብ ሌላ አውቶቡስ በተመሳሳይ ሁኔታ ተያዘ። ታጣቂዎቹ እንደ ልማዳቸው ሙስሊሞች በአንድ ወገን፣ ክርስቲያኖች በሌላ ወገን እንዲቆሙ አዘዙ። በዚህ ጊዜ ግን ሙስሊሞቹ መንገደኞች አንለይም አሉ። ሴቶቹ ለክርስቲያን እኅቶቻቸው የራስ መሸፈኛ ሰጡ፤ ወይ ሁላችንንም ግደሉ ወይ ተዉን ሲሉም ተናገሩ። በዚያ ቀን ሁለት ሰዎች ቢሞቱም፣ የታሰበው እልቂት ሳይፈጸም ቀረ። ሳላህ ፋራህ የተባሉ ሙስሊም መምህር በጥይት ቆስለው ከቆዩ በኋላ በጥር ወር አረፉ። የኬንያ መንግሥትም ከሞቱ በኋላ የክብር ሽልማት ሰጥቷቸዋል።

እኛ ይህን ስንሰማ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ጌታችን ያስተማረውን የሳምራዊውን ምሳሌ እናስታውሳለን። ባልንጀራ ማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ የተገኘው ካልተጠበቀ ወገን ነበር።

እኛም ከዚህ ኀዘን ሩቅ አይደለንም። ከጋሪሳ አደጋ 17 ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በሊቢያ በአክራሪዎች እጅ የወደቁ ወደ 30 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች መገደላቸው ታወቀ። በአገራችን የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ። በለቅሶው ቤት ድንኳን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ተቀምጠው አለቀሱ። ዕድርና ለቅሶ ያስተማሩንን ይህን ልማድ እንደ ትንሽ ነገር ልንቆጥረው አይገባም።

ጉባኤዎች ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

ሀ. አስቀድሞ መተዋወቅ። አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚጀመር ጉርብትና አይጸናም። የጉባኤ ሽማግሌዎች የአካባቢውን የመስጊድ አባቶች በስማቸው ይወቁ፤ በደስታቸውና በኀዘናቸውም ይገኙ።

ለ. ወሬን ማጣራት። በክፉ ቀን ያልተጣራ ወሬ ከእሳት ይፈጥናል። ያልተረጋገጠውን ከመድረክ አለማወጅ፣ በስልክም አለማስተላለፍ ይገባል።

ሐ. ኀዘንተኛውን ቶሎ ለመምከር አለመቸኮል። ኢዮብን ሊያጽናኑ የመጡት ወዳጆቹ መልካም ያደረጉት ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ ነበር። ልጁን የቀበረ ወላጅ ይቅር በል ተብሎ ሊጣደፍ አይገባም። ይቅርታ የእግዚአብሔር ጸጋ ሥራ ነው፤ ጊዜም ይፈልጋል።

መ. ይቅርታንና ፍርድን አለማጋጨት። በጋሪሳው ጥቃት ተባባሪ የነበሩ ሦስት ሰዎች በ2011 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ተፈርዶባቸዋል፤ አንዱ ዕድሜ ልክ፣ ሁለቱ 41 ዓመት እስራት። አጥፊው በስሙ ተጠርቶ በሕግ ሲጠየቅ፣ ወገኑ ከጅምላ ክስ ይድናል።

ሠ. እርዳታን ያለ ልዩነት መስጠት። ይህ በተለይ ለፕሮጀክት ሠራተኞች ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ቀይ መስቀልና ሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች የተስማሙበት የሥነ ምግባር ደንብ፣ እርዳታ በዘርና በሃይማኖት ሳይለይ በችግሩ መጠን ብቻ እንዲሰጥ ያዝዛል። ለክርስቲያኑ ተማሪ ቦርሳ ሲሰጥ፣ በዚያው ችግር ያለው ሙስሊም ተማሪ ባዶ እጁን ቢመለስ፣ ሽብር ፈጣሪው የጀመረውን መለያየት እኛው እንጨርስለታለን።

ተማሪውን እንደገና መላክ

ከጋሪሳ ከተረፉት ተማሪዎች አብዛኛዎቹ ኤልዶሬት ወዳለው ወደ ሞይ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። የጋሪሳው ኮሌጅ ግን ተዘግቶ አልቀረም፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ2010 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ልጆቻቸውን እንደገና ወደዚያ የላኩ ወላጆች ምን ያህል እንደ ተጨነቁ መገመት አያዳግትም።

በአገራችንም ተማሪ ከተወለደበት ርቆ ሲመደብ ጉባኤው ጸልዮ፣ ስንቅ ቋጥሮ ይሸኛል። ብዙ ጉባኤዎች ቦርሳ ይሰጣሉ። ስጦታው መልካም ነው፤ ነገር ግን በመንፈቅ የሚቀደድ ቦርሳ የተማሪውን ሸክም ያበዛል። ስለዚህ ስትገዙ የሚከተለውን አስተውሉ።

1. ስፋቱ። ለየዕለቱ ትምህርት ከ25 እስከ 35 ሊትር የሚይዝ የጀርባ ቦርሳ ይበቃል። ብርድ ልብስ፣ አንሶላና ልብስ ለሚጓጓዝበት ደግሞ ከ60 እስከ 80 ሊትር የሚይዝ ያስፈልጋል። መጠኑ ካልተጻፈበት ቁመቱን፣ ወርዱንና ጥልቀቱን በሳንቲ ሜትር ለክታችሁ አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። ለምሳሌ 50 በ32 በ20 ቢሆን 32 ሊትር ይይዛል። የተለመደው የጽሕፈት ወረቀት 21 በ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ሳይታጠፍ መግባቱን ሞክሩ።

2. ክብደቱ። ሰፊ ቦርሳ ብዙ ለመጫን ይፈትናል። በየዕለቱ የሚያዘው ሸክም ከሰውነት ክብደት ከመቶ ከ10 እስከ 15 ባይበልጥ ይመከራል። 60 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ እንግዲህ ከ6 እስከ 9 ኪሎ ይያዝ ማለት ነው። ስለዚህ ባዶውን የሚከብድ ቦርሳ አይምረጡ።

3. ማንገቻው። ሁለት፣ ሰፋፊና ውስጣቸው ስፖንጅ ያለባቸው ይሁኑ። በአንድ ትከሻ ብቻ የሚያዝ ቦርሳ ሰውነትን ያጎብጣል። ከባዱ መጽሐፍ ወደ ጀርባ ተጠግቶ ይቀመጥ።

4. ስፌቱና ዚፑ። ቦርሳውን ገልብጣችሁ ማንገቻው ከቦርሳው የሚገናኝበትን እዩ፤ ደጋግሞ ካልተሰፋ መጀመሪያ የሚለቀው ያ ነው። ዚፑን ዐሥር ጊዜ ከፍታችሁ ዝጉት። ጨርቁ ወፍራም ናይሎን ወይም ሸራ፣ ታቹም ድርብ ቢሆን ይመረጣል።

5. አከፋፈቱ። ከአደጋዎቹ ወዲህ በብዙ ግቢዎች በር ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። አፉ ሰፊ የሆነና እስከ ታች የሚከፈት ቦርሳ ፍተሻውን ያቀላል፤ ተማሪውም ልብሱ በሰው ፊት እየተበተነ አያፍርም። ፈታሹም የእርሱን ነፍስ እንደሚጠብቅ አስረዱት፤ ጓደኛው በስሙ ወይም በአለባበሱ ተለይቶ ሲፈተሽ ቢያይ ግን ጥሎት አይለፍ፤ አብሮት ይቁም።

6. ስሙ። በውስጠኛው ክፍል የተማሪው ስምና የቤተሰብ ስልክ ቁጥር ይጻፍ። ቦርሳውን ባለቤት በሌለበት ጥሎ መሄድ ሰውን ያስደነግጣልና፣ ይህንንም ምከሩት።

7. ማስረጃው። የትምህርት ማስረጃዎች በፕላስቲክ ተጠቅልለው ለብቻ ኪስ ይቀመጡ፤ ቅጂያቸው በቤት ወይም በጉባኤው ጽሕፈት ቤት ይቅር። የጋሪሳ ተማሪዎች ባዶ እጃቸውን መውጣታቸው ይህን ያስተምረናል።

በመጨረሻም

የትምህርት ዘመኑ ከመከፈቱ በፊት በጉባኤያችሁ ተቀምጣችሁ፣ በዚህ ዓመት ከሰፈራችን የሚሄዱት ተማሪዎች እነማን ናቸው? ምን ይጎድላቸዋል? ብላችሁ ተጠያየቁ። ዝርዝሩን ስትይዙ የጎረቤታችሁን የሙስሊሙን ልጅ አትርሱ። በጸሎታችሁም በጋሪሳ፣ በማንዴራና በሊቢያ ልጆቻቸውን ያጡትን ወላጆች፣ በዳዳብ ያሉትን ስደተኞች፣ በመንገድ ላይ ያሉትን መምህራንና ተማሪዎች ሁሉ አስቡ። በሽብር መንገድ ላሉትም ወጣቶች እግዚአብሔር የመመለሻ ልብ እንዲሰጣቸው ለምኑ።

የሰላም አምላክ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።