ሻምፒዮን ሸኝተው ራሳቸው የቀሩት አሰልጣኝ

ከአዳማ ወደ በቆጂ መንገዱ ዳገት ነው። ከሞቃታማዋ አዳማ የተነሳ መኪና አሰላን አልፎ በቆጂ ሲገባ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ደርሷል። እዚያ ብርዱ አይጣል ነው፤ ለእንግዳ ትንፋሽ ያጥራል።

አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ስማቸውን የተከሉት በዚህ ከፍታ ላይ ነው። የሐረር ልጅ ናቸው። በቆጂ የመጡት በአንደኛ ደረጃ ት/ቤት የስፖርት መምህርነት ሲሆን፣ ውሎ አድሮ የገበሬ ልጆችን በማለዳ ሰብስቦ ዳገትና የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ማስሮጥ የሕይወታቸው ሥራ ሆነ።

ውጤቱስ? በእጃቸው ካለፉት አንዷ ደራርቱ ቱሉ በ1992 እ.ኤ.አ ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር አሸንፋ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ፋጡማ ሮባ በ1996 የአትላንታን ማራቶን ወሰደች። በ2008 ቤጂንግ ላይ ደግሞ ጉድ ተባለ! የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር አራቱንም ወርቆች ሁለት የበቆጂ ልጆች፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ፣ ጠራርገው ወሰዷቸው።

ኦክስጅን የሳሳበት አየር ቀይ የደም ሴል እንደሚያበዛ ባለሙያዎች ያስረዳሉ። እውነት ነው። ግን በአገራችን ከፍታ ሞልቷል፤ በቆጂ አንድ ናት። ልዩነቱ ማለዳ ሜዳ ላይ ቆሞ ልጆቹን የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነው።

የዚህ ሥራ ክፉ ዕጣ መሸኘት ነው። ልጁ ሲጠነክር ክለብ ይወስደዋል፤ ሜዳሊያው ሲመጣ ካሜራው ሌላ ቦታ ነው። በ2012 የወጣው «የሯጮች ከተማ» ዘጋቢ ፊልም በቆጂን ለዓለም ያሳየው ከዚህ ሁሉ ድል በኋላ ነበር። መሠረቱ ግን ድሮውኑ ተጥሏል፤ ያውም በአንድ የስፖርት መምህር።