ትርፍ የኮምፒውተር ጉልበትን መለገስ፦ ሃይፐርትሬዲንግ ይጠቅማል ወይስ ያባክናል?



ላፕቶፓችንን ከፍተን ለሰላት ስንወጣ ማሽኑ ሥራ ፈቶ ይጠብቀናል። ይህን ትርፍ ጉልበት ለምርምር መለገስ ይቻላል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተሠራው ቦይንክ የተባለው ሶፍትዌር አንድን ትልቅ ስሌት በትናንሹ ከፋፍሎ ለበጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮች ያድላል። ለምሳሌ ሮዜታ አት ሆም የፕሮቲኖችን ቅርጽ የሚያጠናው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን የሞከርን ተማሪዎች አንድ ነገር ግራ ያጋባናል። ባለ 4 ኮር ላፕቶፕ በአንድ ጊዜ 8 ሥራ ይጀምራል፤ እያንዳንዱ ሥራ ግን ከበፊቱ የበለጠ ይቆያል። ታዲያ ሃይፐርትሬዲንግ ምን ፈየደ?

የረመዳን ሳምቡሳችንን እናስብ። ምድጃው አንድ ነው፤ ጠባሹም አንድ። የተጠቀለለ እስኪመጣለት ሲጠብቅ ዘይቱ በከንቱ ይግላል። በዚያው ምድጃ ሁለተኛ ጠባሽ ብንጨምር አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይጠብሳል። ምድጃው ግን ሁለት አልሆነም፤ ሁለቱም እኩል ሲደርሱ አንዱ ተራ መጠበቁ አይቀርም። ኢንቴል በ2002 እ.ኤ.አ. ወደ ገበያ ያወጣው ሃይፐርትሬዲንግም እንዲሁ ነው። አንድ ኮር ከሜሞሪ መረጃ እስኪመጣለት ሲጠብቅ ሌላ ሥራ ይሠራል። ኤኤምዲም ይህንኑ ዘዴ በራይዘን ፕሮሰሰሮቹ ይጠቀማል።

ስለዚህ መለኪያችን የአንድ ሥራ ፍጥነት ሳይሆን በቀን የሚጠናቀቀው ሥራ ብዛትና የወሰደው ኤሌክትሪክ መሆን አለበት። በምሳሌ እናስላው። 4 ሥራ አብሮ ሲሠራ እያንዳንዱ 2 ሰዓት ቢወስድ በቀን 48 ሥራ ያልቃል። 8 ሥራ አብሮ ሲሠራ እያንዳንዱ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ቢወስድ ግን 60 ሥራ ያልቃል። የኃይል ፍጆታው ከ60 ወደ 66 ዋት ቢያድግ እንኳ ለአንድ ሥራ የሚወጣው ከ30 ወደ 26.4 ዋት-ሰዓት ይወርዳል። ሥራው ዘገየ፤ ልገሳው ግን ጨመረ፣ ብክነቱም ቀነሰ።

ይህ ሁልጊዜ አይሠራም። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሥራ የራሱን ራም ይፈልጋል። ራም ካነሰ ኮምፒውተሩ ወደ ዲስክ እየተመላለሰ ትርፉ ኪሳራ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሥራዎቹ ሁሉ የኮሩን አንድ ክፍል የሚሻሙ ከሆነ ጭማሪው ኢምንት ነው። ሦስተኛ፣ ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ለማቀዝቀዝ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አራተኛው እኛን በጣም ይመለከተናል፤ እያንዳንዱ ሥራ የመመለሻ ቀን አለው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ፣ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ በሚከፈት ላፕቶፕ ላይ 8 ሥራ ጀምረን ቀኑ ካለፈ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ያቃጠልነው ኤሌክትሪክ ከንቱ ይቀራል።

ስለዚህ ሞክረን እንወስን። ከአንድ ፕሮጀክት፣ ተመሳሳይ ዓይነት ሥራ ይዘን በቦይንክ ማስተካከያ ላይ የሚሠራበትን የፕሮሰሰር መጠን አንድ ሳምንት 100 በመቶ፣ ቀጣዩን ሳምንት 50 በመቶ እናድርገው። ላፕቶፑን በሁለቱም ሳምንታት እኩል ሰዓት ከፍተን ያለቁትን ሥራዎች እንቁጠር። 100 በመቶው በግልጽ ካልበለጠ 50 በመቶው ይበቃናል።

በመጨረሻም የአማናን ነገር አንርሳ። ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ኮምፒውተር ስሌት ሲጀምር የሚወስደው ኤሌክትሪክ በግልጽ ይጨምራል፤ ስለዚህ ልገሳው ያለ ወጪ አይደለም። የላብራቶሪው ኮምፒውተርም ሆነ የዶርሙ መብራት የጋራ ሐቅ ነው። ኒያችን ቢያምርም ያለ ኃላፊዎቹ ፈቃድ የሌላውን ንብረት መለገስ ሰደቃ አይሆንም። መጀመሪያ እንጠይቅ፤ ከተፈቀደልን እንለካ፤ ከዚያ ኢንሻአላህ ከኢስራፍ የራቀ ልገሳ ይሆንልናል።