ጨው ሁሉ የባሕር ውሃ አይሆንም

የባሕር ዓሣ በቤታቸው ማኖር የጀመሩ ሰዎች የሚቀባበሉት አንድ ምክር አለ። «የአኳሪየም ጨው እያሉ በውድ የሚሸጡት የነጋዴ ብልጠት ነው። የአፋር ጨውም የባሕር ጨው ነው፤ 35 ግራሙን በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጥና ዓሣህን ልቀቅ» ይላል። ምክሩ ስህተት ነው፤ ሕይወት ያለውን ፍጡር የሚገድል ስህተት ስለሆነም በዝምታ ሊታለፍ አይገባም። ብዙ ሰው የሚያምነው ደግሞ እውነት ስለተቀላቀለበት ነው። የአፋር ጨው በእርግጥም የቀይ ባሕር ቅሪት ነው። ታዲያ ከባሕር የወጣ ጨው ተመልሶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ለምን ባሕር አይሆንም?

መነሻውን በአጭሩ ልለፈው። አንድ ኪሎ የውቅያኖስ ውሃ በአማካይ 35 ግራም ያህል የሟሙ ጨዎችን ይይዛል፤ ቀይ ባሕር ትነቱ ብዙ ስለሆነና ወንዝ ስለማይገባበት ወደ 40 ይጠጋል። ከ35ቱ ግራም 30 ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ፣ ማለትም የምግብ ጨው ነው። የተቀረው 5 ግራም 2.7 ሰልፌት፣ 1.3 ማግኒዥየም፣ 0.4 ካልሲየም፣ 0.4 ፖታሲየም ሲሆን፣ ባይካርቦኔት፣ ብሮማይድ፣ ስትሮንቲየምና ሌሎችም ጥቂት ጥቂት ይገቡበታል። ኬሚስቱ ዊልያም ዲትማር ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከዓለም ባሕሮች የሰበሰበቻቸውን 77 ናሙናዎች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1884 ውጤቱን ሲያሳትም፣ ጨዋማነቱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም የዋና ዋናዎቹ ንጥረ ነገሮች ምጥጥን ግን የትም ቦታ አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋገጠ። የባሕር እንስሳት ሰውነት የተሠራው ለዚህ ምጥጥን ነው።

ምጥጥኑ የሚፈርሰው ውሃው ሲተን ነው። የምክሩ ባለቤቶች የሳቱትም ይህንኑ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የባሕር ውሃ ሲተን ጨዎቹ አንድ ላይ አይደርቁም፤ በየተራ ይወጣሉ። ኡዚልዮ የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1849 የሜዲትራንያንን ውሃ ቀስ በቀስ እያተነነ ተራቸውን መዝግቧል። ውሃው በግማሽ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚዘቅጠው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የኖራ ድንጋይ ማለት ነው። ውሃው አንድ አምስተኛ ገደማ ሲቀረው ጂፕሰም ይወጣል፤ ካልሲየምንና ከፊሉን ሰልፌት ይዞ ይሄዳል። የምግብ ጨው መውጣት የሚጀምረው ከመነሻው ውሃ አንድ አሥረኛው ብቻ ሲቀር ነው። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ካልሲየም ከታች ቀርቷል። ማግኒዥየምና ፖታሲየም ደግሞ ከላይ ባለው መራራ ውሃ ውስጥ ገና ሟምተው እንዳሉ ናቸው፤ እነሱ የሚወጡት በመጨረሻው ጠብታ ላይ ነው። ሰው የሚሰበስበው መካከለኛውን ድርብርብ ነው። ከባሕር የወጣ ጨው የባሕሩ አንድ ቁራጭ ብቻ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ከዳናኪል የተሻለ ምስክር በዓለም ላይ ብዙ የለም። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘውን ይህን ረባዳ ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን አጥለቅልቆት ነበር፤ በዳርቻው የቀሩት የኮራል ቅሪቶች ዛሬም ይታያሉ። ባሕሩ ሲቋረጥ ውሃው ተነነ፣ ጨዎቹም በየተራቸው ተደረደሩ። አፋሮች በአሳሌ ሐይቅ ላይ እየፈለጡ አሞሌ የሚያደርጉት ሶዲየም ክሎራይዱን ነው። ፖታሲየሙ ደግሞ ለብቻው ተከማችቶ በዳሎል አካባቢ ይገኛል። ጣሊያኖች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከመርሳ ፋጡማ ወደብ ወደዚያ የባቡር ሐዲድ የዘረጉት እሱን ፖታሽ ፍለጋ ነበር። አንድ ባሕር የተወው ጨው በአንድ ረባዳ ውስጥ እንኳ ተለያይቶ ከተቀመጠ፣ ከአንዱ ድርብርብ የተፈለጠውን አሞሌ በጥብጦ ባሕሩን መመለስ አይቻልም።

ብዙዎችን የሚያታልላቸው መለኪያው ነው። በአሞሌ ጨው የተበጠበጠው ውሃ ውስጥ ሃይድሮሜትር ቢከቱ ልክ እንደ ባሕር ውሃ ወደ 1.026 የሚጠጋ ቁጥር ያሳያል። ሃይድሮሜትር የሚለካው የውሃውን እፍጋት እንጂ በውስጡ ያለውን አይደለም፤ ካልሲየም ይኑር አይኑር አይነግርም። ኮራል አጽሙን ከምን ይሠራል? ነርቭና ጡንቻስ ያለ ፖታሲየምና ካልሲየም እንዴት ይሠራሉ? ጥያቄው ከመቶ ዓመት በፊት ተፈትኗል። ባዮሎጂስቱ ዣክ ሎብ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ፉንዱለስ የተባለውን ዓሣ እንቁላሎች የባሕር ውሃን ያህል ጨዋማ በሆነ ንጹህ የሶዲየም ክሎራይድ ውሃ ውስጥ ሲያስቀምጣቸው ማደግ አልቻሉም፤ ጥቂት ካልሲየም ሲጨምርበት ግን አደጉ። ጎጂው የጨው ብዛት ሳይሆን የጨው ብቸኝነት ነበር።

«ዓሣውን የሚገድለው ጨው ውስጥ ያለው አዮዲን ነው፤ አዮዲን የሌለበትን ግዙ» የሚሉም አሉ። አዮዲን የሌለበት የምግብ ጨው ያው የምግብ ጨው ነው፤ የጎደለውን አይሞላም።

እንግሊዛዊው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ እ.ኤ.አ. በ1854 ለለንደን አኳሪየሞች ሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ ሲያዘጋጅ እንኳ አራት ጨዎችን ቀላቅሏል፦ የምግብ ጨው፣ ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ማግኒዥየም ክሎራይድና ፖታሲየም ክሎራይድ። የዛሬው የአኳሪየም ጨው የዚያ ቅመራ የተሟላ ልጅ ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ የሚከፈለው ግን በትነት ለጠፉት ንጥረ ነገሮች ነው።

ትክክለኛውን ጨው የገዛ ሰውም አበጠባበጡን ካላወቀ ገንዘቡን ያጣል። ውሃው የተጣራ ይሁን። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ የቧንቧ ውሃችሁ ከባሕር የተጣራ ቢሆንም ክሎሪን ይጨመርበታል፣ በቧንቧም መዳብ ሊይዝ ይችላል፤ መዳብ ደግሞ ለሽሪምፕና ለኮራል መርዝ ነው። ከዚያ ጨው ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ ጨው አይጨመርም። ገንፎ የምታገነፋ ሴት ዱቄቱን በፈላው ውሃ ላይ እየነሰነሰች እንደምታማስል ሁሉ፣ ጨውም በሚንቀሳቀስ ውሃ ላይ ቀስ በቀስ መነስነስ አለበት።

ምክንያቱ የጓጎለ ጨው ብቻ አይደለም። የባሕር ውሃ ከመደበኛው የሙሌት መጠን በላይ ካልሲየም ካርቦኔት የተሸከመ ነው፤ ሳይዘቅጥ የሚኖረው በአመዛኙ ማግኒዥየም የክሪስታሉን ውልደት ስለሚያዘገየው ነው። ጥቂት ውሃ በብዙ ጨው ላይ ሲፈስ ግን ካልሲየምና ባይካርቦኔት በጠባብ ቦታ ተፋፍገው ይገናኙና ነጭ ደለል ይሆናሉ። ደለሉ በኋላ ውሃ ቢጨመርበትም አይሟሟም፤ ዙሪያው ያለው ውሃ ራሱ ሙሉ ነውና። ሙቀትም ያባብሰዋል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ከብዙዎቹ ጨዎች በተለየ በሞቀ ውሃ ውስጥ ሟሚነቱ ይቀንሳል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ድንጋይም እሱ ነው። ስለዚህ ቶሎ እንዲሟሟ ብሎ ውሃውን ማፍላት ስህተት ነው፤ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይበቃል።

በደረቁ ሲቀመጥም ጠላቱ እርጥበት ነው። የምግብ ጨው ከአየር ውሃ ስቦ መሟሟት የሚጀምረው እርጥበቱ 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው፤ በአኳሪየም ጨው ውስጥ ያሉት ማግኒዥየም ክሎራይድና ካልሲየም ክሎራይድ ግን 30 በመቶ ገደማ ይበቃቸዋል። ያ እርጥበት በቅንጣቶቹ መካከል ጠንካራ የጨው ውሃ ይፈጥርና ከላይ ያልኩት ዝቃጭ በከረጢቱ ውስጥ እያለ ይጀምራል። እንደ ድንጋይ የጠጠረ ጨው ሲበጠበጥ ደብዝዞ የሚቀረው ለዚህ ነው። ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የፕላስቲክ ባልዲ ይቀመጥ፤ የተከፈተ ከረጢት ወለል ላይ አይተው።

የተበጠበጠው ውሃ ስንት ጊዜ ይቆያል በሚለው ላይ እኛ የውሃ ኬሚስትሪ የምናጠና ሰዎች አንስማማም፤ ለአንባቢም አንድ ቁጥር መስጠት አልችልም። ባይካርቦኔቱ እንደ ተፈጥሮው ባሕር የሆነ ጨው፣ ንጹህ ዕቃ ውስጥ ተከድኖ ከተቀመጠ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። የኮራልን ዕድገት እንዲያፋጥን ተብሎ ባይካርቦኔት የተጨመረበት ግን ቶሎ ይዘቅጣል፤ አንዳንድ አምራቾችም በአንድ ቀን ውስጥ ተጠቀሙ የሚሉት ከዚህ በመነሳት ነው። ያለማቋረጥ ማማሰሉ ይጠቅማል የሚሉ አሉ፣ ዝቃጩን ያፋጥናል የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም እንደ ጨው ዓይነቱና እንደ ሙቀቱ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። የማያከራክረው ክዳኑ ነው። ውሃ ይተናል፣ ጨው ግን ይቀራል፤ ስለዚህ ከመጠቀም በፊት ጨዋማነቱ እንደገና ይለካ። ለምግብ ጨው የተሠራ ሪፍራክቶሜትር የተባለው የጨዋማነት መለኪያ 35 የሆነውን የባሕር ውሃ 36.5 ብሎ ስለሚያነብ፣ መለኪያው ለባሕር ውሃ የተሠራ መሆኑን ጠይቃችሁ ግዙ።

የጨዉ ዋጋ ከከበዳችሁ የባሕር ዓሣ አትግዙ። ጨው በማይፈልግ ውሃ የሚኖሩ የሚያማምሩ ዓሦች ሞልተዋል፤ እነሱን አኑሩ።