የድጎማው ቢላ በማን እጅ ነው?

አሶሳ ከተማ ውስጥ በራሷ ስም የንግድ ፈቃድ አውጥታ ጨርቃ ጨርቅ የምትቸረችር ሴት አለች እንበል። ዓመቱ ሲዘጋ የምትከፍለው የትርፍ ግብር የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነው። ከወንድሟ ጋር ሆና ሱቁን ወደ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ብታዞረው ግን ያው ግብር የክልሉና የፌዴራል መንግሥቱ የጋራ ገቢ ይሆናል። መደርደሪያዋ ላይ ያለው ጨርቅ ከውጭ የገባ ከሆነም ቀረጡን ፌዴራል መንግሥቱ ገና ጉምሩክ ላይ ሳለ ወስዶታል። ሱቁ አንድ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96፣ 97 እና 98 ግን ኪሱን ሦስት አድርገውታል።

ወፍራሙ ኪስ የፌዴራሉ ነው። ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ የገጠር ውሃውን የሚያስተዳድሩት ደግሞ ክልሎች ናቸው። አዲስ አበባ በራሷ ገቢ ስትተዳደር፣ ብዙዎቹ ክልሎች የሚሰበስቡት ለሠራተኛ ደመወዝ እንኳ አይበቃቸውም። ክፍተቱን የሚሞላው በየዓመቱ በፌዴራሉ በጀት ውስጥ «ለክልሎች ድጎማ» ተብሎ የሚያዘው ገንዘብ ነው።

ማን ያካፍል? አንቀጽ 62 ይህን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቷል። ምክር ቤቱ የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች የሚቀመጡበት ነው፤ ለእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ወንበር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብም አንድ ወንበር። አባላቱ የሚመጡት ከየክልሉ ስለሆነ ቆራሹም ተቀባዩም በአንድ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

ድጎማው የሚከፋፈልበት ቀመር ሐሳቡ ክፋት የለውም። ክልሉ መካከለኛ አገልግሎት ለመስጠት ስንት ያስፈልገዋል? መካከለኛ ጥረት ቢያደርግ ስንት መሰብሰብ ይችላል? ልዩነቱ ድጎማ ይሆናል። በርትቶ ግብር የሰበሰበ አይቀጣም፣ የሰነፈም አይሸለምም። ግን «ስንት ያስፈልገዋል» የሚለው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ «ስንት ሰው አለው» ወደሚለው ይመለሳል፤ ነገሩ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠር ይላል። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የአገሪቱ ሕዝብ 73.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ውጤቱ ይፋ ሲሆን የአማራ ክልል ሕዝብ ከተገመተው በ2.4 ሚሊዮን ያህል አንሶ መገኘቱ ፓርላማ ውስጥ ሳይቀር አነጋግሯል። ከክልል ሰው ሲቀነስ ገንዘብም ወንበርም ይቀነሳልና ጭቅጭቁ የስታቲስቲክስ ብቻ አልነበረም። ተከታዩ ቆጠራ በጸጥታ ምክንያት በ2011 ዓ.ም. ተራዘመ፣ ከዚያ ኮሮና መጣ። በዚህ መሃል የድሮው ደቡብ ክልል አራት ሆኗል፤ አዲሶቹ ክልሎች ሲወለዱ አዲስ ቆጠራ አልነበረም።

ታዲያ ይህን ያህል ዘመን ክልሎች በአደባባይ ሳይካሰሱ እንዴት ኖሩ? መልሱ ሕጉ ውስጥ ሳይሆን ገዢው ፓርቲ ውስጥ ነው። ኢሕአዴግ የአራት ድርጅቶች ግንባር ነበር፤ የክልል ቅሬታ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሳይደርስ በግንባሩ ሥራ አስፈጻሚ ስብሰባ ያልቅ ነበር። ምክር ቤቱ እጅ የሚያወጣው ካለቀ በኋላ ነበር። አፋርን፣ ሶማሌን፣ ጋምቤላን፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝንና ሐረሪን ያስተዳደሩት ፓርቲዎች ግን «አጋር» ተብለው ከግንባሩ ውጭ ቀርተው ነበር። አንቀጽ 89 ወደኋላ ለቀሩ ሕዝቦች ልዩ ድጋፍ ይደረግ ሲል በቅድሚያ የሚታሰቡት እነዚህ አካባቢዎች ናቸው፤ ዋናው ውሳኔ በሚበስልበት ክፍል ውስጥ ግን ወንበር አልነበራቸውም።

በ2012 ዓ.ም. በግንባሩ ምትክ ብልጽግና ፓርቲ ሲመሠረት አጋሮቹ ገቡ፣ የትግራዩ ሕወሓት ወጣ። ያኔ የፓርቲ ስብሰባ ሲሸፍነው የኖረው ነገር ሁሉ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደጅ ላይ ተዘረገፈ። ትግራይ ጳጉሜን 4 ቀን የራሷን ምርጫ አካሄደች፤ ምክር ቤቱ ምርጫውን ውድቅ አድርጎ መስከረም 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ፌዴራል መንግሥቱ ከክልሉ አመራር ጋር ያለውን ግንኙነት አቋርጦ ከወረዳና ከከተማ አስተዳደሮች ጋር እንዲሠራ ወሰነ። የድጎማ ገንዘቡም መቀሌን አልፎ በዚያው መስመር እንዲሄድ ተባለ። ወር ሳይሞላው ጦርነቱ ተጀመረ።