ድብርት የኢማን ድክመት ነውን?

አንድ ወጣት ከጓደኞቹ ሲርቅ፣ ኳሱንም ደብተሩንም ሲተው፣ በትንሽ ነገር ሲቆጣ፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ሲያድር ቤተሰቡ «ሰነፈ» ወይም «ኢማኑ ደከመ» ይለዋል። ጂን ነው የሚሉም አይጠፉም። ይህ ሁኔታ በየቀኑ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከዘለቀ ግን ሐኪሞች ድብርት የሚሉት በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቸል ሊባል አይገባም።

ሐዘን ኢማን የጎደለው ሰው ዕጣ ነው የሚለውን አንቀበልም። ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ.) በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እንደነጣ ቁርኣን ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ934 የሞቱት ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺም ስለ አካልና ነፍስ ጤንነት በጻፉት መጽሐፍ ምክንያቱ የታወቀውን ሐዘን ካልታወቀው ለይተዋል፤ ሁለተኛው ከሰውነት መታወክ የሚመጣ ነውና የሰውነት ሕክምና ያሻዋል ብለዋል። ይህ የተጻፈው ከሺህ ዓመት በፊት ነው!

በአገራችን «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም ብቻውን ብዙዎችን ያስፈራል። ሆኖም በቅርብ ካለ ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል። መድኃኒት ከታዘዘ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነውና በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ተብሎ አይጣል። ዱዓውም ቁርኣኑም ይቀጥል፤ ታከሙ ያሉት ራሳቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው። «ብሞት ይሻለኛል» ያለ ልጅ ግን ለአፍታም ብቻውን አይተው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይወሰድ።

ወንድማችን ሆይ፣ እህታችን ሆይ፣ ለአባት መናገር ቢከብድ እናት፣ አጎት ወይም የምታምኑት ኡስታዝ አለ። «ልቤ ከብዶኛል፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱኝ» ማለት ለመነሻ ይበቃል።