መርሳ ላይ የቀረው ጉዞዬ

ስህተቴ ፎቶውን አስቀድሜ መለጠፌ ነው። ታኅሣሥ 17 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ፣ ከደሴ ልንወጣ ስንል፣ ዱላ ይዤ፣ ነጠላ አጣፍቼ፣ አዲስ ስኒከር ተጫምቼ “ጉዞ ወደ ላሊበላ፣ በእግር!” ብዬ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ። ማታ ሐይቅ ደርሰን ስከፍተው ላይኩ ከመቶ አልፏል። “በረከቱ ይደርብን”፣ “በጸሎትህ አስበን”፣ “ጀግና!” የሚል ኮሜንት ተደርድሯል። በሦስተኛው ቀን ማታ ጀግናው መርሳ ላይ አንድ እግሩን ባልዲ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ ነበር።

መንገዱን ለማታውቁት፦ አስፋልቱን ከተከተላችሁ ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ የድልብን ዳገት ወጥታችሁ ጋሸና፣ ከጋሸና ደግሞ 64 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ ላሊበላ። ሲደመር 300 ገደማ ይሆናል። ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር ገና የሚውለው በ28 ነው፤ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ብንሄድ በ27 እንገባለን ብለን አስበናል። ሂሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ኢኮኖሚክስ ተመርቄ ሥራ መፈለግ ከጀመርኩ ስድስተኛ ወሬ ነበር፤ ሂሳብ የምሠራበት ሌላ ነገር አልነበረኝም።

አብረውን ከሚሄዱት መካከል ከወረኢሉ በኩል የመጡ አንዲት እማማ ነበሩ። ስድሳን ያለፉ ይመስለኛል። ባዶ እግራቸውን ነው የሚሄዱት፤ ጾም ስለሆነ ስንቃቸው በሶና ቆሎ ነው። እኔ በየሰዓቱ ቁጭ ስል እሳቸው ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ይጠብቁኛል። ውጫሌ ስንደርስ ስለ አንቀጽ 17 ላስረዳቸው ብሞክር፣ “እሱን ተወውና ጫማህን አውልቅ፣ እግርህን ልየው” አሉኝ። አላወለቅኩም።

መርሳ ቆላ ነው፤ ብርቱካኑና ማንጎው በየመንገዱ ዳር ተደርድሮ ይሸጣል። ያሳደሩን ሙስሊም ቤተሰብ ናቸው። የቤቱ እናት ውሃ አሙቀው፣ ጨው ጨምረው፣ “አብሽር” እያሉ እግሬን አስነከሩኝ፤ ለጾማችን ብለው ደግሞ ሽሮውን ለብቻ በዘይት ሠሩልን። ወሎን የሚያውቅ በዚህ አይገረምም። ጠዋት ጤና ጣቢያ ስሄድ ተረከዜ አመርቅዟል፣ እብጠቱ ቁርጭምጭሚቴን አልፏል። ባለሙያዋ መድኃኒት ሰጠችኝና “በዚህ እግር ነው ድልብን የምትወጣው?” ብላ ሳቀች።

ትምህርት ላይ ሰንክ ኮስት የሚባል ነገር አለ። አንዴ ወጥቶ የማይመለስ ወጪ ማለት ነው። ለሚቀጥለው ውሳኔ እሱን አትቁጠሩት ይላል መጽሐፉ። ስለዚህ 90 ኪሎ ሜትር መጥቻለሁና ልቀጥል ብሎ እግርን ማጣት ሞኝነት ነው። ፈተና ላይ ይህን በትክክል መልሼ ኤ አምጥቼበታለሁ። መጽሐፉ ስለ አደራ ግን ምንም አይልም።

ቦርሳዬ ውስጥ የሰፈር ሰው አደራ ነበር፦ ጧፍ፣ ዕጣን፣ በወረቀት የተጠቀለለ ብር። የዘጠኝ ሰው። የክርስትና ስማቸውን ስልኬ ላይ ጽፌዋለሁ። እኔስ ልመለስ፤ የዘጠኝ ሰው ስለት ይዤ በየትኛው ፊቴ ነው ሰፈር የምገባው?

“ስጠኝ” አሉ እማማ። ብሩን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ማንበብ ስለማይችሉ ስሞቹን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። በአራተኛው “ስልኩን ዝጋው” አሉና ዘጠኙንም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ወረዱት። ከዚያ “ያንተስ?” አሉኝ። ነገርኳቸው። አሥር ሆነ። ቁጥሬን አብሯቸው ለሚሄድ ልጅ ሰጥቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሦስት ቀን የተራመድኩትን መኪናው በሁለት ሰዓት ምናምን መለሰው። ነጠላ የለበሱ ሰዎች በመስኮቱ በኩል ወደ ወልድያ ሲሄዱ አያለሁ። ፊቴን አዞርኩ። ሰፈር የገባሁት ሆነ ብዬ ሲመሽ ነው። እናቴ በሩን ከፍታ እግሬን አየችና “እሰይ፣ እንኳን መጣህልኝ” አለች። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “አደራውስ?”

ለአንድ ሳምንት ዳታ አልከፈትኩም። ገናንም በቴሌቪዥን ነው ያየሁት። ካህናቱ ቤዛ ኩሉ እያሉ ሲያሸበሽቡ እኔ ሕዝቡ መሃል እማማን እፈልጋለሁ፤ ከዚያ ሁሉ ነጭ ነጠላ መሃል!

ጥር 3 ስልኬ ጮኸ። ልጁ ነው፤ “እማማ ይፈልጉሃል” ብሎ ሰጣቸው። ሰላምታ ሳያስቀድሙ ስሞቹን ጀመሩ። አሥሩንም ጨርሰው “የአንዷን ብር ግን አላስገባሁም” አሉ። ጋሸና ላይ አንድ ልጅ ታሞ፣ መሳፈሪያ አጥቶ አግኝተው 200 ብሩን ሰጥተው ወደ አገሩ መልሰውታል። “ስሟን ግን ቤተ ማርያም ቆሜ ጠርቻለሁ። ይቅር በይኝ ብላለች በላት።”

የብሩን ባለቤት ስም አልጠቅስም፤ ይህን ገጽ ልጃቸው ያነብላቸዋል። ስነግራቸው ደስ አላላቸውም። “እኔ ለላሊበላ ተሳልኩ እንጂ ለመኪና ተሳልኩ?” አሉ። እውነታቸውን ነው። እማማንም ጥፋተኛ ማለት አልቻልኩም። ከእናቴ ተበድሬ ሁለት ድፍን መቶ ብር ብወስድላቸው አልተቀበሉኝም። “አንተው ያዘው። ለከርሞ ራስህ ታደርሰዋለህ።”

ብሩን ማይክሮ ኢኮኖሚክስ መጽሐፌ ውስጥ ከተትኩት። መጋቢት ላይ ኮሮና መጣ። ከዚያ ጦርነቱ፤ በ2013 ክረምት ላሊበላ፣ ጥቅምት 2014 ላይ ደግሞ ደሴ ደረሰ። ከርሞ የተባለው ሳይመጣ ቀረ። መስከረም 2013 የብር ኖት ሲቀየር ሁለቱ መቶ ብሮች ትዝ አላሉኝም። መጽሐፉን ስከፍተው ዱብ አሉ፤ ለመቀየሪያ የተሰጠው ሦስት ወር አልፏል። ለስንት ሰው ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሳስረዳ የከረምኩት እኔ!

ብሩ ወረቀት ሆነ፤ ዕዳው ግን እንዳለ ነው። እና ስንት ነው? ያኔ 200 ብር የሚገዛውን ዛሬ 200 ብር አይገዛም። ስለት የሚከፈለው በተባለው ቁጥር ነው ወይስ የዋጋ ንረቱ ታስቦ? በቀደም የብሩን ባለቤት መንገድ ላይ አገኘኋቸውና ጥያቄዬን በቁምነገር አቀረብኩ። እስከመጨረሻው አዳመጡኝ።

“እግርህ ድኗል?” አሉኝ።

ድኗል።